ልጄን ሦስት ጊዜ የጠራሁበት አደን

ከሰፈራችን ተነስቶ ጆሐንስበርግ ድረስ ሄዶ፣ በፈረንጅ እርሻ ላይ በአፈሙዙ በሚጎርስ ጠመንጃ አጋዘን ለማደን የተቀመጠ ሰው ከእኔ በቀር የለም። ይህን የምለው ለመኩራት ብቻ አይደለም፤ እውነት ስለሆነም ነው። ፊደል የለየሁት ስኳር ከተጠቀለለባቸው የጋዜጣ ቁራጮች ላይ ነው። እንግሊዝኛውንም ከሬዲዮና ሽፋን ከሌለው መዝገበ ቃላት ብቻዬን ፈልፍዬ አወጣሁት። ስለዚህ ያየሁትን ሌላ ሰው እንዲጽፍልኝ አልለመንኩም። ልጆቻችሁን ወደዚያ ልካችሁ ድምፃቸውን በስልክ ብቻ የምትሰሙ ሁሉ፣ ይህ ጽሑፍ እግር ይሁናችሁ።

ማክሰኞ ገና ጭጋጉ ሳይነሳ ከሆሳዕና ሚኒባስ ያዝኩ። ሐምሌ ነበርና ዝናቡ እስከ አዲስ አበባ ተከተለን። ባለቤቴ ለልጃችን ለታምራት ቆጮ በኮባ ጠቅልላ፣ በፌስታል ደራርባ አስይዛኛለች። አውሮፕላን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ክንፉ ሲርገበገብ ደነገጠች፤ ካልታጠፈ እንደሚሰበር አስረድቼ አረጋጋኋት። በኋላ አስተናጋጁ ተመሳሳይ ነገር ነገራት፣ ግን ከእኔ ወዲያ ነው።

ጆሐንስበርግ ስንደርስ አንዲት ፈታሽ ፌስታሉን ፈታች። ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሙዝ የሚመስል፣ ግን ሙዝ ካልሆነ ተክል የሚሠራ ምግብ ነው አልኳት በእንግሊዝኛ። አልገባትም። እንድታምነኝ ብዬ ከጥሬው ቆርሼ በላሁላት። ከት ብላ ሳቀች፤ ጓደኞቿንም ጠርታ አሳየቻቸው፤ ከዚያ ቆጮውን ወስዳ ጣለችው።

መውጫው ላይ ሰው እንደ ገበያ ነው። ታምራት ከቤት ሲወጣ ጢም አልነበረውም፤ አሁን ጢሙ ሸብቷል። ወረቀቱ አልስተካከል ብሎት አንድም ቀን አገሩ አልመጣም። ቢሆንም ከሩቅ በትከሻው አወቅኩት፤ አባቱ ነኝ። «ታምራት» ብዬ ጠራሁ። አልዞረም። ደግሜ ጠራሁ። ትከሻው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ግን አሁንም አልዞረም። ሦስተኛ ስጠራ ዞረና «አቤት፣ አባ» አለኝ፤ ተቃቅፈን ቆየን።

ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እኛ ወደ ጊቤ ቆላ ለአደን ስንወርድ አንድ ሕግ ነበረን፤ በጫካ ውስጥ ስምህ ሲጠራ እስከ ሦስተኛው አትመልስ። ሰው ያልሆነ ነገር ሁለቴ ይጠራል እንጂ ሦስተኛ አይደግምም ይባላል። እኔ ወንጌል የተቀበልኩ ሰው ነኝ፤ በእንዲህ ያለ ነገር አላምንም። ነገር ግን ሕጉ ማንንም ስላልጎዳ ለልጄ በሕፃንነቱ አስተማርኩት። በከተማ መሐልም ትጠብቀዋለህ ወይ ስለው፣ «እዚህ ከጫካ ይብሳል፣ አባ» አለኝ። በኋላ የሚሠራበትን ሱቅ ሳይ ገባኝ።

ረቡዕን በጀርሚስተን ከታምራት ቤት አረፍኩ። ቤቱ ጠባብ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ ቆሟል፤ በደረጃው ስወጣ ከእኔ ይልቅ ልጄ አለከለከ። እዚያው የተወለደችው የልጅ ልጄ ሩት ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። አማርኛዋ እንደ ማሽላና ባቄላ የተቀየጠ ነው። «አያቴ፣ ሲሪየስሊ፣ ይሄን ኮት ለብሰህ ልትወጣ ነው?» ትለኛለች። አያትን አንተ ትላለች፤ ታምራት ሊቆጣት ሲል ተዋት አልኩት።

ሐሙስ ዛንድስፕሩት ወደሚባለው የቆርቆሮ ቤቶች መንደር፣ ወደ ሱቁ ወሰደኝ። ስፓዛ ይሉታል። እኛ አገር ሱቅ ማለት ባለሱቁ ደጅ ላይ ተቀምጦ መንገደኛ የሚያወጋበት ነው። እዚህ ልጄ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተቆልፎ፣ ዳቦና የስልክ ካርድ በእጅ በምታህል ቀዳዳ ያቀብላል። ደንበኞቹን «ሳውቦና» እያለ ሰላም ይላል። በዚያ ቀዳዳ በስሙ ጠርተውት፣ አቤት ብሎ ፊቱን ሲያስጠጋ የተተኮሰበት የአገራችን ልጅ እንዳለ ነገረኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሕጉ አልቀለድኩበትም።

ፒትን ያገኘሁት እዚያ ነው። ለሱቁ እንቁላል የሚያመጣ ገበሬ ነው፤ ቀይ ፊት፣ ሰፊ እጅ፣ ከእኔ በአሥር ዓመት የሚያንስ። በወጣትነቴ አንድ ድኩላ ከነፋስ በታች እንዴት እንደቀረብኩ በእንግሊዝኛ ተረኩለት። የከበደኝን ቃል ታምራት ሞላልኝ። ፒት የእንቁላሉን ካርቶን መሬት አስቀምጦ አዳመጠኝ። ከዚያም እርሱ በጥንት ጠመንጃ፣ ባሩዱና እርሳሱ በአፈሙዝ በሚገባው፣ እንደሚያድን ነገረኝ፤ እርሻው ላይም አጋዘን አለ። ነገ ኑ፣ አለን። እንዲህ ነው፤ አዋቂ አዋቂን ያውቃል።

ዓርብ በታምራት አሮጌ ባኪ ወደ ምሥራቅ ተጓዝን። ባኪ የሚሉት ከኋላው ክፍት የሆነውን ትንሽ የጭነት መኪና ነው። ከከተማው ጠርዝ ዛፍ የሌላቸው ቢጫ ኮረብታዎች ተደርድረዋል፤ አናታቸው እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ። እግዚአብሔር ኮረብታ ሲሠራ እንዲህ አያስተካክልም አልኩ። ልክ ነበርኩ። ታምራት፣ ወርቅ ሲፈልጉ ከሥር ያወጡት አፈር ነው አለኝ።

«ታዲያ አሁን ከሥራችን ያለው ምንድን ነው?»

«ባዶ ነው፣ አባ።»

ከዚያ በኋላ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር እግሬን እሰበስብ ነበር።

አገሩ ሜዳ ነው። በእኛ ሐምሌ ሁሉ ነገር አረንጓዴ ነው፤ በእነርሱ ሐምሌ ሣሩ ደርቆ፣ ግማሹ ተቃጥሎ ጠቁሯል፤ ብርዱም አጥንት ይገባል። ከዘመድ የቆጠርኩት ባሕር ዛፉን ብቻ ነው። ፒትና ሚስቱ ማሪ በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። ማሪ እጄን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ምድጃው ወሰደችኝ፤ የባሏን የሱፍ ካልሲም አምጥታ አለበሰችኝ። እራት ፓፕ የሚሉት ነጭ የበቆሎ ገንፎና ወጥ ነበር። ገንፎውን መሐሉን ጎድጉጄ ቅቤ ስጨምርበት ማሪ ወደደችው፤ የራሷንም ጎደጎደች።

የምግብ ቤቱ ግድግዳ ግን አልተመቸኝም። የአጋዘን ራሶች ዙሪያውን ተሰቅለዋል፤ ሁሉም በመስታወት ዓይናቸው ወደ ጠረጴዛው ያያሉ። እኛ ዘንድ አዳኝ ግዳይ ሲጥል ቀንዱን ቤቱ ይሰቅላል፤ ዓይኑን ግን አይሰቅልም። ወንበሬን ባዞርኩ ቁጥር የሚያየኝ ሌላ ነበር።

ከእራት በኋላ ፒት ሁለት ጠመንጃ አወጣ። ሁለቱም በአፈሙዛቸው ይጎርሳሉ። አንዱ ዘመናዊ ነው፤ ሰደፉ ፕላስቲክ፣ አናቱ ላይ መነጽር ያለው፣ እሳቱ የሚነሳበት ቦታ ከኋላ በክዳን ተዘግቶ ጤዛ የማያስገባ። ሌላው እንጨትና ብረት ብቻ ነው፤ በቀኝ ጎኑ ባልጩት የነከሰ መዶሻ አለው። ባልጩቱ ብረቱን ሲመታ ብልጭታው ትንሽ ጎድጓዳ ላይ ያለውን ባሩድ ያቀጣጥላል፤ ያ እሳት በቀዳዳ ገብቶ ውስጥ ያለውን ያስነሳል። ፒት ጠዋት ጭጋግ ስለሚሆን ዘመናዊውን ያዝ አለኝ። እኔ በመነጽር የሚያድን ሰው በማንኪያ ውሃ እንደሚጠጣ ነው አልኩና አሮጌውን አነሳሁ። ፒት በአድናቆት ሳቀ። አንድ ነገር ግን ደጋግሞ ነገረኝ፤ መዶሻው ወድቆ ሳይተኩስ ቢቀር አትንቀሳቀስ፣ አፈሙዙንም ካነጣጠርክበት አታንሳ፤ እሳቱ ሊዘገይ ይችላል። እሺ አልኩት። ጠመንጃ የማውቀው እርሱ ሳይወለድ ነው።

ክርክሩ በቢላዋው ላይ ነበር። ነፍሱ ሳትወጣ በቢላዋ ያልተባረከ ሥጋ ለእኛ በክት ነው። ስለዚህ ስናድን አንድ ሰው ቢላዋ ይዞ ቀደም ብሎ ይቆማል፤ አውሬው እንደወደቀ ሮጦ ይባርካል። ያ ሰው ታምራት እንዲሆን ፈለግሁ። ፒት ራሱን ነቀነቀ፤ ከአፈሙዝ ፊት ሰው አይቆምም አለ። ብዙ ተነጋገርን፤ ታምራት በመሐል ሆኖ ሁለታችንንም አለዘበ። በመጨረሻ ፊት ለፊት ሳይሆን በግራ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር እንዲቆም ተስማማን። ፒት የተስማማው እኔ እንግዳ ስለሆንኩ ነው ብዬ አስባለሁ። በስም የመጥራቱን ሕግም ያን ጊዜ ነገርኩት፤ በጣም ወደደው፤ ማሪ ግን ቀና ብላ አላየችኝም።

ስተኛ ከብርድ ልብሱ ሥር አንድ ለስላሳ ሙቅ ነገር እግሬን ነካኝ። ዘልዬ ወጣሁ፤ በዱላዬም መታሁት። ማሪ ሙቅ ውሃ ሞልታ ያስቀመጠችልኝ የላስቲክ ከረጢት ኖሯል። እንዲህ ያለ ደግነት በአገሬም አላየሁም፤ ግን አስቀድሞ መንገር ነበረባት።

ቅዳሜ ሲነጋ ወጣን። ጭጋጉ ወተት ነው። የተቃጠለው ሣር ከጫማችን ሥር ይሰበራል። በቀኝ በኩል በሽቦ የታጠረ ቦታ አለፍን፤ በሽቦው ውስጥ ከመሬት ነጭ እንፋሎት ቀጥ ብሎ ይወጣል። ቆምኩ። ፒት በዝግታ አስረዳኝ፤ የተዘጋ የወርቅ ጉድጓድ ነው፤ በብርድ ጠዋት ከታች ያለው ሙቀት ይወጣል። በአያቱ ዘመን ከብዙ አገር የመጡ ሰዎች ይወርዱበት ነበር። ታምራት በአማርኛ፣ ዛሬም በድብቅ የሚወርዱ አሉ ይባላል፣ ከማን አገር እንደሆኑ ግን አይታወቅም አለኝ። እንፋሎቱ ይቋረጥና እንደገና ይወጣል፤ እንደ ተኛ ሰው ትንፋሽ።

ከአንድ የምስጥ ኩይሳ ጀርባ ተቀመጥን፤ እኔ ከፊት፣ ፒት ከጀርባዬ። ጉድጓዱ በቀኛችን፣ ባሕር ዛፎቹ በግራችን። ታምራት ቢላዋውን ይዞ ወደ ዛፎቹ ሄደ፤ ጭጋጉ በጥቂት እርምጃ ዋጠው። ባሩዱን ሰፍሬ አፈሰስኩ፤ እርሳሱን በቅባት ጨርቅ ጠቅልዬ በዘንግ ወደ ታች ገፋሁት። ፒት እጄን አይቶ አንገቱን ነቀነቀ። አንድም ፍሬ ባሩድ አላፈሰስኩም።

አጋዘኖቹ ድምፅ ሳያሰሙ መጡ። የእኛን አገር አጋዘን አይመስሉም፤ የወንዶቹ ቀንድ እንደ ተዘረጋ መዳፍ ሰፊ ነው፤ በየዓመቱም ወድቆ ይበቅላል። የፒት አያቶች ከባሕር ማዶ ያመጧቸው ናቸው። የመጨረሻው ነጭ ነበር። በጭጋጉ ውስጥ ገላው አይታይም፤ ዓይንና አፍንጫው ብቻ ይራመዳሉ። ቆመና ወደ እኔ ተመለከተ። ደረቱ ነው ባልኩት ቦታ ላይ አነጣጥሬ ምላጩን ሳብኩ።

መዶሻው ወደቀ። ጎድጓዳው ላይ ትንሽ ጭስ ብቻ ብን አለ። ጤዛ ገብቶት ነው አልኩ በልቤ። መዶሻው በቀኝ ጎኑ ስለሆነ ለማየት ጠመንጃውን ጭኔ ላይ ጋደም አደረግሁት። ማንም አዳኝ ያንኑ ያደርግ ነበር። አፈሙዙ ወደ ግራ ዞረ። የፒት እጅ በትከሻዬ ላይ አልፎ ብረቱን ሊይዝ ሲዘረጋ አየሁ፤ እሳቱ ቀደመው።

ጭሱ ነጭና ወፍራም ነው፤ የዲን ሽታ አለው። ከጭጋጉ ጋር ተጋጥሞ አልበተን አለ። እጄን እንኳ አላየሁም። ጆሮዬ ይጮኻል። ከዚያ ጩኸቱ ረገብ አለና ድምፅ ሁሉ ጠፋ። አፈሙዙ የት እንደዞረ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ታምራት» ብዬ ጠራሁ።

«አቤት» አለ አንድ ድምፅ።

ግማሽ ትንፋሽ ያህል ተደሰትኩ። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞርኩ። ድምፁ የመጣው ከቀኝ ነው፤ ከታጠረው ጉድጓድ በኩል። ልጄ በግራ ነው ያለው። ልጄ ደግሞ በመጀመሪያው ጥሪ አቤት አይልም።

«ታምራት» አልኩ ሁለተኛ።

ከቀኝም ከግራም ምንም የለም። ጭሱ ፊቴ ላይ ቆሟል። ሦስተኛውን አልጠራሁም። ከተጠራ በኋላ መልስ ከሌለ አራተኛ የሚባል ነገር የለምና። ሳልጠራ የቆየሁት ያህል ልጄ በሕይወት የሚቆይ መሰለኝ። ፒት ክንዴን ይዞ በእንግሊዝኛ ጥራው፣ ጥራው ይለኛል። አልጠራ ስለው ራሱ ሊጠራ አፉን ከፈተ። በመዳፌ አፉን ያዝኩት። ጢሙና ከንፈሩ በእጄ ላይ እስካሁን ይሰማኛል። ሦስተኛዋ የእኔ ናት፤ ሌላ ሰው ሊያጠፋብኝ አይችልም።

ከዚያ ጠራሁት። እንዴት እንደጠራሁት አላውቅም፤ ድምፄ የእኔ አልነበረም።

«አቤት፣ አባ» አለ ከግራ፣ ከቅርብ፣ ቀስ ባለ ድምፅ።

ቢላዋውን እንደያዘ ከጭሱ ወጣ። ወዲያና ወዲህ አይቶ «የታለ አጋዘኑ?» ብሎ ጠየቀኝ። ፊቱን፣ ደረቱን፣ እጁን እንደ ዕውር ዳሰስኩት። ግራ ተጋብቶ ተዳሰሰልኝ።

ሦስታችንም ወደ ባሕር ዛፎቹ ሄድን። ተደግፎት የነበረው ዛፍ ላይ፣ በደረት ልክ፣ ትኩስ ቀዳዳ ነበር። ከቅርፊቱ ውሃ ይንጠባጠባል። ታምራት ካልሲው ላይ የተጣበቀ ጭጎጎት ሊነቅል አጎንብሶ ነበር። ተኩሱን ሰምቶ አጋዘኑን የመታሁ መስሎት ሮጦ ሊወጣ ሲል ስሙን ጠራሁ፤ ስሙን ሲሰማ እንዳስተማርኩት ቆመ። ጣቴን ቀዳዳው ውስጥ ከትቼ እርሳሱን ፈለግሁ፤ አልደረስኩበትም።

«የመጀመሪያውን ጥሪ ማን ነው የመለሰልኝ?» አልኩት።

ቢላዋውን ወደ ሰገባው መለሰ። «እኔም ሰማሁት። እርስዎ ራስዎ መስለውኝ ነበር» አለ።

ፒትም ሰምቶታል፤ ቃሉን ግን አያውቀውም። ወደ አጥሩ ሄድን። ታምራት ሽቦውን ይዞ በአማርኛ፣ ከታች ሰው አለ ወይ ብሎ ሦስት ጊዜ ተጣራ። ቀጥሎ በሰፈራችን ቋንቋ፣ ቀጥሎ በዙሉ። እንፋሎቱ ፊታችንን አሞቀው እንጂ መልስ አልመጣም። ፒት ጉድጓዶቹን ለሚቆጣጠሩት ሰዎች ስልክ ደወለ፤ ሰኞ መጥተን እናያለን አሉ። ሰኞ መጥተው የጉድጓዱ ክዳን እንዳልተነካ፣ የሰው ዱካም እንደሌለ ለታምራት ነገሩት።

በመመለሻችን ፒት ስለ ጠመንጃው አንድም ቃል አልወቀሰኝም። ዘመናዊው ቢሆን አይዘገይም ነበር ብቻ አለ። እኔም ዘመናዊው ቢሆን ነጩ አጋዘን ይሞት ነበር አልኩት። ይህን ያልኩት አፌ መልስ ስለማያጣ ነው። ማሪ ባለፈው ሳምንት የታደነ የአጋዘን ጭን ልትሰጠን ነበር፤ ቢላዋ እንዳልነካው ስነግራት ቅር ሳይላት መልሳ አስገባችው፤ በምትኩ እንቁላልና ትልቅ ዱባ ሰጠችን። ስንለያይ ታምራትን አገላብጣ ሳመችው፤ እኔን ግን እጄን ብቻ ጨበጠችኝ።

እሑድ በጀርሚስተን በተከራዩት አዳራሽ አምልኮ ነበር። ባለሱቆቹ ሁሉ የእኛው አገር ልጆች ናቸው። ምስክርነት ስጥ አሉኝና ቆሜ ተናገርኩ፤ በእንዲህ ያለ ነገር ጎበዝ ነኝ፤ ሕፃን እንኳ አላለቀሰም። አንዱ ሽማግሌ የመለሰልህ መልአክ ነው አለ። ሌላው የገደል ማሚቶ ነው አለ። ማሚቶ የጠራኸውን ስም ይመልስልሃል እንጂ አቤት አይልም፣ በዚያ ላይ ገደል የለም ስለው ተቀመጠ። ወደ ቤት ስንሄድ ሩት ክንዴን ያዘችና፣ «አያቴ፣ ያ ሰው ግን ስሙ ታምራት ቢሆንስ?» አለችኝ። እስካሁን መልስ ያላገኘሁለት ጥያቄ ይህ ብቻ ነው።

ማክሰኞ ተመለስኩ። ታምራት አየር ማረፊያ ሸኘኝ። ከመስታወቱ ወዲያ ስለማይገባ እዚያው ተሰነባበትን። ሻንጣዬን እየጎተትኩ ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ «አባ» የሚል ሰማሁ።

ሕጉን እኔ ነኝ ያስተማርኩት። ሁለተኛውን መጠበቅ ነበረብኝ፤ ሦስተኛውንም። አልጠበቅኩም። በመጀመሪያው ዞርኩና «አቤት» አልኩ፤ ሰው ሁሉ እስኪያየኝ ድረስ ጮክ ብዬ። ታምራት ከመስታወቱ ማዶ ቆሟል፤ አፉ ተዘግቷል። እጁን አነሳልኝ፤ እኔም አነሳሁለት።

ሆሳዕና ገብቼ ባለቤቴን ስለ ቆጮው ካጽናናኋት በኋላ ደወልኩለት። መግቢያው ላይ ጠርተኸኝ ነበር ወይ አልኩት።



«አልጠራሁም፣ አባ» አለ። «ልጠራዎት ግን አስቤ ነበር።»